ቦርዱ 5 ሲያሳይ

በየታዳጊ ፕሮጀክቱና በየሩጫ ክለቡ አንድ የማይጠፋ ልጅ አለ። ሰንዳፋም ሆነ ሱሉልታ፣ ልምምድ ላይ ሌሎቹን እያስከተለ የሚመጣ፣ አሰልጣኙ ሰዓቱን እያየ በሆዱ ፈገግ የሚልለት። የውድድሩ ቀን ቁጥር ደረቱ ላይ ሲለጠፍ ግን ሌላ ሰው ይሆናል። የመጀመሪያዋን ዙር እንደ ጥይት ይወጣል፣ ከሦስተኛው ኪሎ ሜትር በኋላ ድንጋይ የታሰረበት ይመስል እግሩ ይከብዳል፣ ማን እንደቀደመው ማን እንደቀረ ሳያውቅ ይጨርሳል። «የልምምድ ጀግና» ይባላል፤ ግማሹ ቀልድ፣ ግማሹ ስድብ ነው። አቅም አለው፣ ልብ የለውም ይባልና ወሬው እዚያ ይዘጋል።

«ልብ የለውም» የምትለዋን ፍርድ አልወዳትም። ልብማ አለው፤ እንዲያውም ገና ሳይሮጥ፣ ቁጭ ባለበት በደቂቃ 120 እየመታ ያስቸገረው እሱ ነው። የጎደለው፣ ልቡ እንዲህ በሚመታበት ሰዓት በእጁ፣ በዓይኑና በሐሳቡ ምን እንደሚሠራ የሚያሳየው ሰው ነው። ለ5,000 ሜትር በሳምንት ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚሮጥ አሰልጣኙ ደብተሩ ላይ ጽፎታል። ከመነሻው በፊት ባሉት 40 ደቂቃዎች ልጁ ምን እንደሚያደርግ የጻፈ አሰልጣኝ ግን እምብዛም አይገኝም። ያንን ክፍተት የምንሞላው በ«አይዞህ» ነው። አይዞህ መልካም ቃል ነው፤ ጭንቅ ውስጥ ያለ ልጅ ግን ጨብጦ የሚሠራበት ነገር አይሰጠውም።

ሁሉም ነገር ከመጀመሩ በፊት ልጁ ሰውነቱ ውስጥ የሚሆነውን ይወቅ። ውድድር ሲቃረብ አድሬናሊን ይለቀቃል፤ ልብ ይፈጥናል፣ ደም ከሆድና ከቆዳ ወደ ጡንቻ ያዘነብላል። ስለዚህ እጅ ይቀዘቅዛል፣ አፍ ይደርቃል፣ ሆድ ይላወሳል፣ ሽንት በየአምስት ደቂቃው ይመጣል፣ አንዳንዱንም ያስመልሰዋል። ይህ ያልተነገረው የ17 ዓመት ልጅ «ታምሜያለሁ»፣ «ዛሬ ሰውነቴ እምቢ ብሏል» ብሎ ይተረጉመዋል፤ ነገሩ ዓይን በላኝ፣ አንድ ነገር ተደረገብኝ እስከማለት የሚደርስበትም ቤት አለ። እግሩን የሚያፈጥንለት ግን ያው አድሬናሊን ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ከሃርቫርድ የወጣ አንድ ጥናት፣ ሰው ፊት ከመዝፈናቸውና ንግግር ከማድረጋቸው በፊት ለራሳቸው «ተረጋግቻለሁ» ካሉት ይልቅ «ጓጉቻለሁ» ያሉት የተሻለ እንደሠሩ አሳይቷል። ዘፈን ሩጫ አይደለም፤ ነገሩ ግን ለሯጭም ይሠራል። 120 የሚመታን ልብ «ተረጋጋ» በሚል ቃል 60 ላይ ማውረድ አይቻልም። «ሞተሩ ተነስቷል፣ ለሩጫ እየተዘጋጀ ነው» ብሎ ስሙን መቀየር ግን ይቻላል።

«ሥራ ከመፍታት ልጄን ላፋታት» ይባል የለ? የሯጭ ሐሳብም ያው ነው፤ ሥራ ካልተሰጠው ደህና የቆመውን ያፈርሳል። ስለዚህ ከዋዜማው ጀምሮ ሥራ ይሰጠው።

የመጀመሪያው ሥራ ቦርሳ ነው። ስፓይክ (ጥርስ ያለው የሩጫ ጫማ) ከጥርስ መፍቻው ጋር፣ መለዋወጫ የጫማ ማሰሪያ፣ ስምንት መርፌ ቁልፍ (አራት ለደረት፣ አራት ለጀርባ ቁጥር)፣ ሁለት ጥንድ ካልሲ፣ ደረቅ ቲሸርት፣ ውሃ። ቦርሳውን የሚያዘጋጀው ልጁ ራሱ ነው እንጂ አሰልጣኙ አይደለም። በሰው ሠራሽ መም ላይ የስፓይክ ጥርስ ከ9 ሚሊ ሜትር አይበልጥም፤ እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 1 ቀን 2024 ጀምሮ ደግሞ የመም ጫማ ሶል ከ20 ሚሊ ሜትር በላይ እንዳይወፍር ተደንግጓል። ይህን ሳያጣራ መጥቶ ጫማው የተመለሰበት ልጅ የሚደነግጠውን ድንጋጤ የሚያበርድ ምክር እስካሁን አላገኘሁም። ለሴቶች ልጆች ሞዴስ ቦርሳው ውስጥ ይግባ። የወር አበባዋ ውድድር ቀን ቢመጣስ የሚለውን ወንድ አሰልጣኝ አይጠይቅም፣ ልጅቷም አፍራ አትናገርም፤ ከጭንቀቷ ግማሹ ግን እሱ ሊሆን ይችላል። ከቡድኑ ጋር የምትጓዝ አንዲት ሴት አስቀድማ ብትጠይቃት በሁለት ደቂቃ የሚያልቅ ጉዳይ ነው።

እንቅልፍን በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልግም። የዋዜማው ሌሊት ቢጎድል ውድድሩን አያበላሸውም፤ የሚቆጠረው የሳምንቱ እንቅልፍ ነው። ይህን ያወቀ ልጅ ስምንት ሰዓት ሌሊት ላይ ዓይኑ ቢፈጥ «አለቀልኝ» ብሎ አይገላበጥም።

ጠዋት 4 ሰዓት ለሚጀምር ሩጫ ቁርስ 1 ሰዓት ላይ፣ ሆዱ የለመደውን፣ ከለመደው መጠን ትንሽ ቀነስ አድርጎ። ውድድር ቀን ሆቴል ውስጥ ተደርድሮ የተገኘ አዲስ ምግብ አይሞከርም። ቡና ልምምድ ላይ የማይጠጣ ልጅ «ያነቃሃል» ተብሎ ቡና አይሰጠው፤ የሚንቀጠቀጥ እጅ ላይ ሌላ መንቀጥቀጥ መጨመር ነው። 2:20 ላይ ማሟሟቅ ይጀምራል፤ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ሶምሶማ፣ 10 ደቂቃ ማፍታታትና የአረማመድ ልምምድ፣ ከ80 እስከ 100 ሜትር አራት ወይም አምስት ፈጠን ያሉ ሩጫዎች፣ ሽንት ቤት። ሰዓቱ በደቂቃ በወረቀት ተጽፎ ልጁ እጅ ላይ ይሁን። «ስንት ሰዓት ቀረ?» እያለ ሰው የሚጠይቅ ልጅ ጭንቀቱን በየጥያቄው እያደሰው ነው።

አሁን ዋናው ቦታ ላይ ደረስን፤ ኮል ሩም።

ኮል ሩም ሯጮች ከመነሻው በፊት ተጠርተው የሚቆዩበት ቦታ ነው፤ ብዙ ጊዜ ድንኳን ወይም ጠባብ ክፍል። መግቢያ ሰዓቱ እንደ ውድድሩ ይለያያል። ስልክ አይገባም፣ አሰልጣኝ አይገባም። ዳኛው ቁጥር ያያል፣ ጫማ ገልብጦ ያያል፣ ዳሌ ላይ የሚለጠፈውን ቁጥር ይሰጣል። ከዚያ መቀመጥ ነው። ፊት ለፊት የትልቅ ክለብ ቱታ የለበሰ ልጅ እግሩን ዘርግቶ ዓይኑን ጨፍኗል። አንዱ ይዘላል። ሌላው ጎረቤቱን በሹክሹክታ «ያ ልጅ ከውጭ ነው የመጣው፣ ሰዓቱ ኃይለኛ ነው» ይለዋል። እስካሁን የተለፋበት ማሟሟቅ እየቀዘቀዘ፣ 15 እና 20 ደቂቃ ይቆጠራል። ብዙ ውድድር የሚሸነፈው እዚህ ወንበር ላይ ነው ባይ ነኝ፤ መም ላይ የሚታየው ውጤቱ ብቻ ነው።

ልጁ እዚህ የሚሠራው ነገር ቅደም ተከተል ይኖረዋል። እንደተቀመጠ ዓይኑን ከሰዎቹ አንሥቶ ከጫማው ፊት ያለ አንድ ነጥብ ላይ ያሳርፋል። በአፍንጫው እስከ አራት እየቆጠረ ይስባል፣ እስከ ስድስት እየቆጠረ ቀስ ብሎ ያወጣል፤ አሥር ጊዜ፣ በጠቅላላው 100 ሰከንድ። ቀጥሎ ሁለቱን ጡጫ ለአምስት ሰከንድ አጥብቆ ጨብጦ ይለቃል፣ ትከሻውን ወደ ጆሮው ሰቅሎ ያወርዳል፣ ጥርሱን ከነከሰ ይፈታል። ማሰሪያውን ፈትቶ በድርብ ቋጠሮ ያስራል። ከዚያ የመጀመሪያዎቹን 200 ሜትር በሐሳቡ ይሮጣል፤ ከየትኛው መስመር እንደሚነሣ፣ ኩርባው ላይ ከማን ጀርባ እንደሚገባ። በየአምስት ደቂቃው ተነሥቶ ባለበት ሶምሶማ ይላል። ሲጨርስ ከአተነፋፈሱ እንደገና ይጀምራል። ጸሎት የሚያደርስ ልጅም ቦታው ይታወቅ፤ ለምሳሌ ማሰሪያውን እንዳሰረ። ቦታው የታወቀ ጸሎት ያረጋጋል፤ በድንጋጤ መሐል አሥር ጊዜ የሚጀመርና አሥር ጊዜ የሚቋረጥ ግን ራሱ ጭንቀት ይሆናል።

አተነፋፈሱ ላይ የተለመደ ስሕተት አለ። «በረጅሙ ተንፍስ» የተባለ ልጅ ደረቱን እየነፋ በፍጥነት ይስባል። እንዲህ ሲሆን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከመጠን በላይ ይወጣል፣ ጣቱን ይነዝረዋል፣ ራሱን ያዞረዋል፣ ልጁም ይብስ ይደነግጣል። ቁም ነገሩ አሳሳቡ አይደለም፤ አወጣጡ ነው። ማውጣቱ ከመሳቡ ይርዘም፣ ሆድ እንጂ ደረት አይነፋ። ይህ ደግሞ ውድድር ቀን የሚማሩት ነገር አይደለም። ቢያንስ ሦስት ሳምንት ቀድሞ፣ በየቀኑ አምስት ደቂቃ፣ ከልምምድ በኋላ ሣር ላይ ተኝቶ ይለመዳል።

ኮል ሩሙም ይለመዳል። በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት አንድ ቀን የሰዓት ሙከራ ሲኖር ልጆቹን ቁጥር አስለጥፎ፣ ስልካቸውን ሰብስቦ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ 20 ደቂቃ ማስቀመጥ በቂ ነው። አንዳንዴ ደግሞ ሳይነግሩ መነሻውን በ10 ደቂቃ ማዘግየት፤ እውነተኛው ውድድርም ይዘገያላ። በየሳምንቱ ከሆነ ግን ጨዋታ ይሆንና ልብ መምታቱን ይተዋል፣ ያኔ ልምምዱ ዋጋ የለውም።

መነሻው ላይ አንድ ነገር ብቻ። ከ400 ሜትር በላይ ባለው ሩጫ «በቦታችሁ» ከተባለ በኋላ የሚቀጥለው ተኩሱ ነው፤ እንደ አጭር ርቀት መሐል ላይ ሌላ ትእዛዝ የለም። ይህን ያልለመደ ልጅ ሁለተኛ ቃል ሲጠብቅ ይቀራል፣ ወይም ተንገዳግዶ መስመሩን ይረግጣል።

5,000 ሜትር አሥራ ሁለት ዙር ተኩል ነው። ግማሿ ዙር መጀመሪያ ላይ ስለሆነች ልጁ መጨረሻው መስመር ጋ መጀመሪያ የሚደርሰው 200 ሜትር ሮጦ ነው፤ ዙር የሚያሳየው ቦርድ ያኔ 12 ይላል። እቅዱ 14:10 ከሆነ እያንዳንዱ ዙር 68 ሰከንድ ነው፣ የመጀመሪያዋ 200 ሜትር ደግሞ 34። የተጨነቀ ልጅ እዚያ በ30 ይደርሳል። ምንም አይሰማውም፤ አድሬናሊኑ ሕመሙን ሸፍኖለታል፣ እግሩ የሰው እግር እስኪመስለው ቀልሎታል። እንደ አዲስ አበባ ባለ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያ አራት ሰከንድ ብድር ነው፤ የሚከፈለውም በአራጣ፣ ከሦስተኛው ኪሎ ሜትር በኋላ። ስለዚህ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ዙሮች የሚሰጠው ሥራ አንድ ብቻ ነው፤ «ቀስ»። ቀላል ሆኖ ከተሰማው ልክ ነው፣ በጣም ቀላል ሆኖ ከተሰማው ሰዓቱን ይይ።

ቦርዱ 5 ሲያሳይ 3,000 ሜትር ተሮጧል። እኔ የማንኛውንም ወጣት 5,000 ሜትር ሳይ ዓይኔን የምተክለው እዚህ ነው። የመነሻው ግርግር አልፏል፣ የመጨረሻውን ዙር የሚያበስረው ደወል ገና ነው፣ ተመልካቹም ፀጥ ብሏል። ሰውነት የሚያመው፣ ሐሳብም የሚሸሸው ከ6 እስከ 3 ባለው ጊዜ ነው። «አልችልም» የሚለው ድምፅ የሚመጣው እዚያ ነው፤ ልጁ ደግሞ የድካም መልእክት መሆኑን ሳያጣራ እንደ ውሳኔ ይቀበለዋል። ልምምድ ላይ ሁልጊዜ በሰው ጀርባ የሚሮጥ ልጅ እዚህ ይበልጥ ይጋለጣል፤ ፊቱ ያለው ሰው አምስት ሜትር ሲርቅ ፍጥነቱን ብቻ ሳይሆን አሳቢውንም ያጣል።

እዚህ የሚረዳው አጭር ቃል ከቦታ ጋር ማሰር ነው። መጨረሻው መስመር ላይ፦ ቦርዱን አይቶ ቁጥሩን በሆዱ ይላል፣ «አምስት»። የመጀመሪያው ኩርባ ላይ፦ «ትከሻ»፣ ትከሻውን ያወርዳል። ተቃራኒው ቀጥታ ላይ፦ «እጅ»፣ እጁን ወደኋላ ይመታል። ሁለተኛው ኩርባ ላይ፦ «ጀርባ»፣ ከፊቱ ያለው ሯጭ ቁጥር ላይ ያፈጥጣል። 68 ሰከንዷ በአራት ቁራጭ ሥራ ተከፋፈለች፣ እያንዳንዷ 17 ሰከንድ። 17 ሰከንድ የማይችል ልጅ የለም፤ የማይችለው የቀሩትን 2,000 ሜትሮች አንድ ላይ መሸከም ነው። ቃሉ ደግሞ ልጁ በሚያስብበት ቋንቋ ይሁን። ከአርሲ የመጣች በአፋን ኦሮሞ የምታስብ ልጅ በደከማት ሰዓት የአማርኛ ቃል ተርጉማ እስክትሠራበት ዙሩ አልቋል።

ቦርዱን ማየት ደግሞ ለጀማሪ ብቻ የሚነገር ምክር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 ሎዛን ላይ በዳይመንድ ሊግ 5,000 ሜትር ሐጎስ ገብረሕይወት ተፈትልኮ ወጥቶ አንደኛ ሆኖ መስመሩን አለፈ፣ እጁንም አነሣ፤ ገና አንድ ዙር ቀርቶ ነበር። ዮሚፍ ቀጀልቻ አሸነፈ፣ ሐጎስ 10ኛ ወጣ። ያ የኦሊምፒክ ሜዳሊያ ያለው ሯጭ ነው። ጫና ሲበዛ ዓይን ይጠባል፣ ፊት ያለው ብቻ ይታያል፣ ዳር ያለው ቦርድ ይጠፋል፤ ይህ የማንም ሰው ዓይን ጠባይ ነው። ስለዚህ ደንቡ ግልጽ ይሁን፦ ዙር የሚቆጠረው ከቦርዱ ነው፣ የመጨረሻው ዙር የሚታወቀው በደወሉ ነው። የጎንህ ሰው ስለፈጠነ አይታወቅም፤ ተመልካቹ ስለጮኸም አይታወቅም።

መጥፎ ነገርም አስቀድሞ ይታሰብ። «ክፉ አታውራ» የሚል አሰልጣኝ አለ፤ ሟርት ይመስለዋል። ነገር ግን ብወድቅ ምን አደርጋለሁ የሚለውን አስቀድሞ የወሰነ ልጅ ሲወድቅ አያስብም፣ ይነሣል። ኦሳካ ላይ እ.ኤ.አ. በ2007 በዓለም ሻምፒዮና 10,000 ሜትር ጥሩነሽ ዲባባ ወደቀች፣ መሪዎቹም ትተዋት ሄዱ። ተነሥታ ርቀቱን ዘጋች፣ ሆዷንም እያመማት ወርቁን ወሰደች። ለታዳጊ የሚሰጠው ትእዛዝ እንዲህ ነው፦ ተነሣ፣ ጫማህ መኖሩን እይ፣ የጠፋውን ርቀት በአንድ ቀጥታ ሳይሆን በሁለት ዙር መልስ። ደንግጦ 50 ሜትርን በአንድ ትንፋሽ የሚዘጋ ልጅ ይደርስባቸዋል፤ ግን ደርሶ ያበቃል። ጫማ ቢወልቅ፣ ዝናብ ቢመጣ፣ የመጀመሪያው ዙር ከእቅዱ በጣም ቢዘገይም እንዲሁ አንዳንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃቸዋል።

አሰልጣኞች ሆይ፣ ጩኸታችሁን በተመለከተ። «ግፋ! ግፋ! ምን ሆነሃል!» መረጃ አይደለም። ልጁ ምን እንደሆነ ቢያውቅ ይነግራችሁ ነበር። አንድ ቦታ ምረጡ፣ በተቃራኒው ቀጥታ በኩል፣ ልጁም እዚያ እንደምትቆሙ ይወቅ። በየዙሩ አንድ ቁጥርና አንድ ቃል ብቻ፤ «68፣ ትከሻ»። 70 ከሆነ 70 በሉ። ፊታችሁንም ያያል፤ እጃችሁን ራሳችሁ ላይ ከጫናችሁ የሩጫውን ውጤት ነገራችሁት ማለት ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ከስታዲየሙ ውጭ ነው። ዋዜማ ላይ ከገጠር የሚደወለው ስልክ። «አደራህን»፣ «አታሳፍረን»፣ «በአንተ ነው ተስፋችን»። አደራ በቋንቋችን ትልቅ ቃል ነው፤ የተቀበለው ሰው መብላት የለበትም። የ17 ዓመት ልጅ የታናናሾቹን ትምህርትና የአባቱን ዕዳ አደራ ይዞ ኮል ሩም ይገባል። በቆጂ ተወልዶ ከሆነ ደግሞ የደራርቱን፣ የቀነኒሳንና የጥሩነሽን ስም ይጨምርበታል። ወላጅን መውቀስ አያዋጣም፤ ችግሩ እውነት ነው፣ ክለብ መግባት ደመወዝ ነው፣ ሚኒማ (ለትልቅ ውድድር የሚያሳልፍ ሰዓት) ማምጣት ደግሞ የሌላ ኑሮ በር ነው። ማድረግ የሚቻለው ሰዓቱን መቀየር ነው። አሰልጣኙ በክብር ይደውልና «አባባ፣ ነገ ሲጨርስ እኔው ራሴ አገናኝዎታለሁ፤ ዛሬ ይረፍ፣ እርስዎ ይመርቁት» ይበል። ምርቃት ሸክም አይሆንም።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ለውድድር ጭንቀት ነው። ልጁ ለሁለትና ለሦስት ሳምንት እንቅልፍ ካጣ፣ ምግብ ከሸሸ፣ የሚወደውን ልምምድ ከጠላ፣ የልጅቷ የወር አበባ ከቀረ፣ ወይም «ባልኖር ይሻል ነበር» የሚል ቃል ከወጣ ጉዳዩ የሐኪም ነው። ጠበል የሚሄድም ይሂድ፤ ሐኪሙን ግን አይተካለትም።

ከውድድሩ በኋላ የመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ውስጥ ስለ ሩጫው አይወራም፤ ያሸነፈም ቢሆን። ውሃ፣ ቱታ፣ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ሶምሶማ። ያኔ የሚባል ነገር ሁሉ እንደ ፍርድ ይሰማል። ለተሸነፈች ልጅ ደግሞ ሩቅ ሳይኬድ ምሳሌ አለ፤ ለተሰንበት ግደይ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2023 ባተርስት ላይ በአገር አቋራጭ የዓለም ሻምፒዮና እየመራች መጨረሻው መስመር አጠገብ ወደቀች፣ ሰው ስላነሣት ውጤቷ ተሰረዘ። ከስድስት ወር በኋላ ቡዳፔስት ላይ በ10,000 ሜትር የብር ሜዳሊያ አጠለቀች።

በማግሥቱ ደብተር ይወጣል። ሦስት ጥያቄ ብቻ ነው። ኮል ሩም ውስጥ ምን ሠራህ? ሐሳብህ በየትኛው ዙር ሸሸ? ሲሸሽ በምን መለስከው? ደረጃና ሰዓት ለብቻው፣ ከታች ይጻፍ። መልሱ «ቦርዱ 4 ሲል ትከሻ ማለት ረሳሁ» ከሆነ፣ በሚቀጥለው ማክሰኞ ልምምድ ላይ ስድስት ጊዜ 1,000 ሜትር ሲሮጥ አራተኛዋን ብቻውን፣ ፊቱ ሰው ሳይኖር፣ ቃሉን በአፉ እያሰማ ይሮጣታል።